ፕሬዚዳንት ልሁን ሲል ዘጉበት፣ ላብላ ሲል አጨበጨቡለት

ስለ ፈረንሳዊው ቀልደኛ ስለ ኮሉሽ የሚወራውን የሰማ ሰው ስለ አንድ ቅዱስ የሚወራ ሊመስለው ይችላል። የተራበ አበላ፣ ለደሃ አዘነ፣ ሞተ። ፓሪስ ውስጥ አደባባይ ተሰይሞለታል። የመሠረተው ማኅበር፣ ሬስቶ ዱ ከር፣ ማለትም የልብ ምግብ ቤቶች፣ አርባ ዓመት አልፎታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን ታሪኩ ግማሹ ተቆርጦ ነው የሚነገረን ባይ ነኝ። የተቆረጠው ደግሞ የሚያስቀው ግማሽ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ቀኖች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ለየት ሲል እናገራለሁ።)

እውነተኛ ስሙ ሚሼል ኮሉቺ ነው። በ1944 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ከጣሊያን የመጣ ስደተኛ ነበር፤ ሥራው ቤት መቀባት። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ አባትየው ሞተ። እናቱ አበባ ቤት እየሠራች ሚሼልንና እህቱን ሞንሩዥ ውስጥ አሳደገቻቸው። ሞንሩዥ ከፓሪስ ደቡብ ጥግ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ የሠራተኛ ሰፈር ነበረች። ልጁ ከትምህርት ጋር አልተስማማም። ቴሌግራም አደለ፣ አስተናጋጅ ሆነ፣ ያልሞከረው ሥራ የለም። ውትድርና ሄዶ በእምቢተኝነት ታሰረ። ከዚያ ጊታር ይዞ ካፌ በረንዳ ላይ እየዘፈነ ሳንቲም መልቀም ጀመረ።

በ1969 ከጓደኞቹ ጋር ካፌ ደ ላ ጋር የሚባል ትንሽ ቴአትር ቤት አቋቋሙ። በኋላ የፈረንሳይ ሲኒማ ኮከቦች የሆኑት ፓትሪክ ደዌርና ሚዩ ሚዩ እዚያ ነበሩ። ኮሉሽ እዚያ አልከረመም። መጠጡም ጠባዩም አስቸጋሪ ነበር። ለብቻው ወጣ፤ ለብቻውም አማረበት። ከ1974 ጀምሮ ሰማያዊና ነጭ ሽንትር ያለው ቱታ፣ ቢጫ ካናቴራ፣ ክብ መነጽር አድርጎ መድረክ ላይ ሲወጣ አዳራሹ ገና ሳይናገር ይስቅ ነበር። ከታወቁት ቀልዶቹ አንዱ ስለ አንድ ሰውዬ ታሪክ ልንገራችሁ ብሎ የሚጀምርና ታሪኩ ላይ የማይደርስ ነው። አወራሩ የሰፈር ነው። ስድብ አለበት፣ ብልግናም አለበት። አንዳንዱ ቀልዱ ዛሬ ቢሰማ የሚያሳፍር ነው፤ ስለ ሴቶችና ስለ ስደተኞች የሚላቸውን ሁሉ እኔም አልከላከልለትም። ግን የሚያፌዝበት ሰው ብዙ ጊዜ ዘረኛው ራሱ ነበር። ያንን ዘረኛ ለመጫወት ዘረኛው የሚያወራበትን አፍ ይዋሳል። አንዳንዱ አድማጭ ይህን አልገባው ብሎ በተሳሳተ ቦታ ያጨበጭብ እንደነበር መገመት አይከብድም።

በ1976 ከሉዊ ደ ፊኔስ ጋር አንድ ፊልም ሠራ። ደ ፊኔስ በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ኮሜዲ ንጉሥ ነው። ከዚያ በኋላ ኮሉሽን የማያውቅ ፈረንሳዊ ጠፋ።

አሁን ወደ ሬዲዮ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በፈረንሳይ ምድር ሬዲዮና ቴሌቪዥን የመንግሥት ብቻ ነበሩ። ዛሬ የዴሞክራሲ አገር እያልን የምንጠቅሳት ፈረንሳይ ማለቴ ነው። የግል ጣቢያዎቹ ዘዴ ፈጠሩ። ማሠራጫቸውን ከድንበር ውጭ ተከሉት። አንዱ ሉክሰምበርግ፣ አንዱ ሞናኮ፣ ዩሮፕ 1 ደግሞ ጀርመን ውስጥ። ስቱዲዮው ግን ፓሪስ ነው። መንግሥትም ዝም ብሎ አልተመለከተም፤ በዩሮፕ 1ና በሞንቴ ካርሎ ሬዲዮ ውስጥ አክሲዮን ነበረው። ስለዚህ «ነፃ» በተባለው ሬዲዮም ላይ ስልክ የሚደውል አለቃ አይጠፋም። ኮሉሽ በ1980 ሞንቴ ካርሎ ሬዲዮ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ተባረረ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጋዜጠኞችን ቴአትር ዱ ጂምናዝ ጠርቶ በ1981 ለፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ አለ። ሥልጣን ላይ ያለው ዢስካር ዴስታን ነው፤ ተፎካካሪው ፍራንስዋ ሚተራን። የኮሉሽ ጥሪ ሰነፎችን፣ ቆሻሾችን፣ ሱሰኞችን፣ ሰካራሞችን፣ ሴቶችን፣ ወጣቶችን፣ ሽማግሌዎችን፣ እስረኞችን፣ ጥቁሮችን፣ አረቦችን፣ እግረኞችን እያለ ይቀጥላል። ፖለቲከኞች ከቁብ የማይቆጥሯችሁ በሙሉ ምረጡኝ ነው ነገሩ። እስከ ዛሬ ፈረንሳይ ለሁለት ተከፍላ ነበር፣ ከእኔ ጋር ግን በሳቅ ትታጠፋለች ይል ነበር።

መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ታኅሣሥ ላይ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ወጣ። 16 በመቶ! ሳቁ ቆመ። እነ ፒየር ቡርዲዩና ዢል ደሉዝን የመሳሰሉ ትልልቅ ምሁራን ደገፉት። አንድ ቀለም ቀቢ የወለደው፣ ትምህርቱን ያልጨረሰ ሰው ለሥልጣን ሲቀርብ ፖለቲከኞቹ ምን እንዳደረጉ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ድምፁ ከሬዲዮም ከቴሌቪዥንም ጠፋ። የማስፈራሪያ ደብዳቤ ይጎርፍለት ጀመር። አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ የመድረክ ሠራተኛ ተገድሎ ተገኘ። የግድያው ምክንያት የግል ጉዳይ እንደነበረ ኋላ ታወቀ፤ ግን በዚያን ሰሞን ኮሉሽ ይህን በምን ያውቃል? በዚያ ላይ ለመወዳደር የ500 ተመራጮች ፊርማ ያስፈልጋል። ሰውየው ቀልዱ አልቆበት መጋቢት 1981 ላይ ተወው። በግንቦት ሚተራን አሸነፈ።

ቀልደኛ አገር መምራት ይችላል ወይ የሚለው ክርክር እኔን ብዙም አይስበኝም። ኮሉሽ ራሱም ቤተ መንግሥት ልገባ ነው ብሎ ያመነ አይመስለኝም። የሚስበኝ ያስፈራቸው ነገር ምን እንደሆነ ነው። ፕሮግራም አልነበረውም፣ ፓርቲም አልነበረውም። የነበረው ማይክ ብቻ ነው። ይዞት የሚናገረውም ለእናንተ ማንም አይናገርም የሚል ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ጊዜ ከባድ ነበር። የቅርብ ጓደኛው ደዌር በ1982 ራሱን ገደለ። ኮሉሽ አደንዛዥ ዕፅ ውስጥ ገባ። በ1983 ቻኦ ፓንታን በሚባል ፊልም ላይ የሌሊት ነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ሆኖ ሠራ፤ አንድም ቀልድ የሌለበት ጨለማ ፊልም። በቀጣዩ ዓመት የፈረንሳይ ሲኒማ ትልቁን ሽልማት፣ ሴዛርን፣ በምርጥ ተዋናይነት ወሰደ። የሚያስቅ ሰው ማስለቀስ አይከብደውም የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

1985 ላይ ደርሰናል። ለእኛ 77 ማለት ነው። የ77ቱ ድርቅ ምስል በአውሮፓ ሳሎን ሁሉ ገብቶ ነበር። የፈረንሳይ ዘፋኞችም ሬኖ የሚባለው ድምፃዊ በጻፈው ግጥም ተሰብስበው ለኢትዮጵያ አንድ ነጠላ ዜማ አወጡ። ከዘማሪዎቹ መሐል ኮሉሽ አለበት። ገቢው ለፈረንሳዩ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ዩሮፕ 1 ላይ የከሰዓት ፕሮግራሙን ሲመራ አንዲት ሐሳብ አለችኝ አለ። የሚሰማኝ ድርጅት ካለ ነፃ ምግብ ቤት እንክፈት፣ ከፓሪስ እንጀምር፣ በቀን ሁለት ሦስት ሺህ ሰው እናብላ። ይኼው ነው። ከአንድ ቀን በፊት ሞንማርትር ላይ ቬሎ ያጠለቀች «ሙሽራ» ሆኖ ከሌላ ቀልደኛ ጋር የውሸት ሠርግ ደግሶ ነበር። የሠርጉ ወሬ አገር ያዳረሰ አንድ የቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ ላይ ለማሾፍ! የማይቻል ሰው።

ሐሳቡ የመጣው ከሰማይ አልነበረም። ሥራ አጥነት አሻቅቦ፣ የሚተራን መንግሥትም ከ1983 ጀምሮ ቀበቶ አጥብቆ፣ «አዲሶቹ ደሆች» የሚል አነጋገር ጋዜጣ ላይ ተለምዶ ነበር። በሌላ በኩል የአውሮፓ ማኅበር፣ የዛሬው የአውሮፓ ኅብረት፣ ለገበሬው ዋጋ ለመጠበቅ የሚገዛው ቅቤና ሥጋ በማቀዝቀዣ መጋዘን ተከምሮ ነበር። ለማስቀመጫው ብቻ ብዙ ገንዘብ ይወጣል። ኮሉሽ በ1986 መጀመሪያ ላይ እስከ ስትራስቡርግ፣ የአውሮፓ ፓርላማ ድረስ፣ ሄዶ ይህን ትርፍ ምግብ ስጡን ብሎ ጠየቀ። ቆይቶም ተሰጠ። ቅቤ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ ሰው የሚራብበትን አሠራር ለማጋለጥ ቀልደኛ ማስፈለጉ ይገርማል።

የመጀመሪያው የምግብ ማደያ ታኅሣሥ 21 ቀን 1985 ዤንቪሊዬ በምትባል የፓሪስ ዳር ከተማ ተከፈተ። በመጀመሪያው ክረምት 8.5 ሚሊዮን ምግብ ታደለ። ዘፋኙ ዣን ዣክ ጎልድማን የማኅበሩን ዜማ ሠራ። ጥር ላይ ቲኤፍ 1 የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኮከቦችንና ፖለቲከኞችን ሰብስቦ ትልቅ ዝግጅት አሠራጨ። ልብ በሉ፣ ቲኤፍ 1 በዚያን ጊዜ የመንግሥት ጣቢያ ነው፤ ወደ ግል የዞረው በ1987 ነው። የምክር ቤት ምርጫው ደግሞ ሁለት ወር ቀርቶታል። ከአምስት ዓመት በፊት አየር ላይ ያልተፈለገው ሰው አሁን የሁሉም ወዳጅ ሆነ። ግራም ቀኝም ከጎኑ መታየት ፈለገ።

ለዚህ ነው የቅዱሱ ታሪክ የሚያናድደኝ። ሰውየው አልተለወጠም። ያው ቱታ፣ ያው አፍ። የተለወጠው ጥያቄው ነው። ደሃው ለምን ደሃ ሆነ ሲል በሩ ተዘጋ። ደሃውን ላብላው ሲል ወለል ብሎ ተከፈተ።

በእኛም በኩል ያ የመጀመሪያው ማደያ በተከፈተበት ወር የሆነውን እዩ። ለእነዚያ ዘፋኞች ገቢ የታሰበው የፈረንሳይ ሐኪሞች ቡድን የተራበ ሲያክም ማንም አልነካውም። ሰው በግድ እየተጫነ ለሰፈራ እየተወሰደ ነው፣ በዚህ ምክንያት እየሞተ ነው ብሎ በአደባባይ ሲናገር ግን ደርግ በታኅሣሥ 1985 ከአገር አባረረው። ሪፐብሊክና ወታደራዊ መንግሥት አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ፓሪስ ላይ የሚጠፋው የአየር ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የሚጠፋው ነገር ሌላ ነበር። የሁለቱም ፍላጎት ግን ይመሳሰላል፤ አብላና ዝም በል።

የተራበ ሰው ቀልድ አይበላም፣ ምግቡ ይሻላል የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። ያ 8.5 ሚሊዮን ሰሃን የእውነት ሰሃን ነው። የኮሉሽን ሥራ ማሳነስ አልፈልግም። እንዲያውም እሱ ሁለቱን አልለያቸውም ነበር፤ ምግብ እየለመነም ባለሥልጣኖቹን ያሳፍር ነበር። የለያዩት ከሞተ በኋላ ነው። ሰኔ 19 ቀን 1986 በደቡብ ፈረንሳይ ኦፒዮ አጠገብ ሞተር ብስክሌቱ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። 41 ዓመቱ ነበር። ተገድሏል የሚሉ አሁንም አሉ፤ ምርመራው ያገኘው አደጋ ነው፣ እኔም ከዚያ አልፌ አልሄድም። በ1988 ለጋሾች ከግብር የሚቀነስላቸው ሕግ ወጣ፤ በስሙ ይጠራል። በ1989 ደግሞ ዘፋኞችና ተዋንያን ለማኅበሩ ኮንሰርት ማቅረብ ጀመሩ፤ ከ1992 ወዲህ በየዓመቱ ያቀርባሉ። በቴሌቪዥን ሚሊዮኖች ያዩታል። ደስ ይላል፣ ገንዘብም ያስገባል። ኮንሰርቱ ላይ ግን የሚከፋው ባለሥልጣን የለም።

የእኛም ቀልደኞችና የቴሌቪዥን ሰዎች በቀጥታ ሥርጭት ለአረጋውያንና ለሕሙማን ገንዘብ ሲሰበስቡ እያየን ነው። እሰየው ነው። እኔ የምለው ያው ቀልደኛ በቤት ኪራዩና በመድኃኒቱ ዋጋ ሲቀልድም እንዲሁ እናጨብጭብለት ነው።

በ2023 መስከረም ላይ ማኅበሩ ገንዘብ አጠረኝ ብሎ ጮኸ። በዓመት የሚያድለው ምግብ ከ160 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። የዋጋ ንረቱ ተረጂውንም ወጪውንም አብዝቶ፣ የመጣን ሰው መመለስ ግድ ሊሆን ነበር። መንግሥት 15 ሚሊዮን ዩሮ ሰጠ። በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ አንደኛ ባለጸጋ የነበሩት የበርናር አርኖ ቤተሰብ 10 ሚሊዮን ሰጡ። ክርክሩ ወዲያው ስለ ባለጸጋው ሆነ፤ እናመስግናቸው የሚል፣ ግብራቸውን ይክፈሉ የሚል። ከ8.5 ሚሊዮን ሰሃን ወደ 160 ሚሊዮን እንዴት ተደረሰ የሚለው ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ሥር ቀረ።

ፈረንሳይ ውስጥ ክረምት በገባ ቁጥር የ1985ቱ የሬዲዮ ድምፅ ይደገማል፤ አንዲት ሐሳብ አለችኝ የሚለው። ጥሩ ድምፅ ነው። የ1980ውንም፣ የቴአትር ዱ ጂምናዙን፣ አብረው ያጫውቱት።