እርማት፦ ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚሞላው የነፋስ መጠን አይደለም

«ኮብልስቶን ላይ መኪናችሁ እንዳይጎዳ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያህል ነፋስ አስሞሉ» የሚል ምክር በተደጋጋሚ ሲሰጥ አያለሁ። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ መሆኑን ባልጠራጠርም፣ ቁጥሩ የተተረጎመበት መንገድ ግን ስህተት ነው። እዚያ የሚነበበው፣ ብዙውን ጊዜ 44 ወይም 51 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ)፣ ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ግፊት እንጂ ለመኪናው የሚስማማው መጠን አይደለም፤ ጎማ ሠሪው በየትኛው መኪና ላይ እንደሚገጠም አያውቅምና። ትክክለኛውን መጠን የሚወስነው የመኪናው አምራች ሲሆን፣ የአሽከርካሪው በር ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ ለአነስተኛ የቤት መኪናዎች በአብዛኛው ከ30 እስከ 36 ፒኤስአይ ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ በተቃራኒው በር በኩል ይፈልጉት። በኪሎ ፓስካል ከተጻፈ ደግሞ 220 ማለት 32 ፒኤስአይ ገደማ ነው።

ልዩነቱ በተለይ በእኛ መንገድ ላይ ይሰማል። የመንገዱን ጥቃቅን ጉብታ በመጀመሪያ የሚያለዝበው ጎማው ራሱ ስለሆነ፣ ከልክ በላይ ሲነፋ ድንጋዩን ዋጥ ማድረጉ ቀርቶ ንዝረቱን ወደ ሾክ አብዞርበሩና ወደ ተሳፋሪው ያሳልፋል፤ መሬት የሚነካው ክፍል ስለሚጠብም መሃሉ ቀድሞ ያልቃል። (ሾክ አብዞርበር ቀይረው እንኳ መንገጫገጩ ያልቀረላቸው ሰዎች፣ ሌላ ወጪ ከማውጣታቸው በፊት ይህን ቢያዩ መልካም ነው።)

ልኬቱ መወሰድ ያለበት ጠዋት፣ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ጎሚስታ ጋ እስኪደርሱ ጎማው ስለሚሞቅ ንባቡ ከፍ ብሎ ይታያል።