የሳን ጂሚኛኖ ማማዎች፦ ያተረፋቸው ድህነት ነው ወይስ ፍቅር?

ሳን ጂሚኛኖ በጣሊያን ቶስካና ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። በመካከለኛው ዘመን ሀብታሞቿ 72 ያህል የድንጋይ ማማ ነበራቸው። ዛሬ የቆሙት 14 ገደማ ናቸው። እነዚህስ እንዴት ተረፉ? አንዲት ወጣትና አንድ ጎልማሳ በዚህ አልተስማሙም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እሷ፦

ከተማዋን ከሩቅ ያየ ሰው “እንዴት ቢወዷት ነው እንዲህ የጠበቋት!” ማለቱ አይቀርም። እኔም ብዬ ነበር። ታሪኳን ሳነብ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ።

ሀብታም ያደረጋት መንገድ ነው። ወደ ሮም የሚወርዱ ተሳላሚዎች የሚሄዱበት ቪያ ፍራንቺጄና በእሷ በኩል ያልፍ ነበር። በዚያ ላይ ሳፍሮን የሚባለውን ውድ ቅመም ትሸጣለች። ገንዘብ ሲመጣ ፉክክር መጣ። አርዲንጌሊና ሳልቩቺ የሚባሉ ሁለት ቤተሰቦች ዓይንህ ላፈር ተባባሉ። ማማ ለምቾት አይሠራም፤ ውስጡ ጠባብና ጨለማ ነው። ዋናው ነገር ጎረቤት አንገቱን ቀና አድርጎ ማየቱ ነው። ፉክክሩ አልበርድ ሲል በ1255 ማንም ግለሰብ ከሮኞዛ ማማ፣ ማለትም ከ51 ሜትር በላይ እንዳይሠራ ተከለከለ። ከተማው ራሱ ግን በ1311 ቶሬ ግሮሳ የተባለውን የራሱን ማማ ጨረሰ። ስንት ሜትር? 54! ሕግ አውጪ ለራሱ ሲሆን እንዲህ ነው።

ከዚያ 1348 ላይ ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ሕዝቡን ፈጀው። በ1353 ከተማዋ በትልቋ የቶስካና ከተማ በፍሎረንስ ሥር ገባች። መንገደኛውም ቀስ በቀስ በሸለቆው በኩል መሄድ ለመደ። አፍርሶ ለመሥራት ማን ገንዘብ ይኑረው? ፍሎረንስን ተመልከቱ። በ1250 ማማዎቿ ወደ 29 ሜትር ዝቅ እንዲሉ አዘዘች፤ ሲደላት ደግሞ ቤተ መንግሥት በቤተ መንግሥት ሆነች። ሳን ጂሚኛኖ ግን እንደነበረች ቀረች።

እሳቸው፦

እህቴ፣ በዓመተ ምሕረቱ አልከራከርሽም። ግን ድህነት ጠባቂ ከሆነ የቀሩት ሃምሳ ምናምን ማማዎች የት ገቡ? ድሃ የወደቀ ማማ ካገኘ ድንጋዩን ለቅሞ በረት ይሠራበታል።

አንድ ሥዕል ላሳይሽ። በዋናው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቅድስት ፊና ጸሎት ቤት አለ። ፊና በ1253 የሞተች የ15 ዓመት ልጅ ናት። ታማ ለዓመታት የተኛችው በእንጨት ሳንቃ ላይ ነበር ይባላል። ጊርላንዳዮ የቀብሯን ሥርዓት በ1470ዎቹ ሣለላቸው። ከለቀስተኞቹ ጀርባ ምን ይታያል? ማማዎቹ! መልአክ እየበረረ ደወል ሲደውልም አለ። ይህ እንግዲህ ከወረርሽኙ መቶ ዓመት አልፎ ነው። የድህነት ምልክት የመሰላቸውን ነገር በቅድስታቸው ቀብር ላይ ያስሉ ነበር? መጋቢት ላይ በማማዎቹ ግድግዳ የሚፈነዳውን ቢጫ አበባም እስከ ዛሬ በፊና ስም ይጠሩታል።

ገንዘብ የላቸውም ያልሽውስ? ጎዞሊ በ1464 እና 65 የቅዱስ አውግስጢኖስን ሕይወት በ17 ትዕይንት የሣለላቸው በነጻ ነው?

እሷ፦

ጋሼ፣ ለሠዓሊ የሚበቃ ገንዘብና ከተማ አፍርሶ ለመሥራት የሚበቃ ገንዘብ ለየቅል ናቸው። ሁለቱም ሠዓሊዎች ደግሞ የፍሎረንስ ልጆች ናቸው።

ቶሬ ግሮሳ ላይ ወጥቼ አውቃለሁ። ደረጃው ከ200 በላይ ነው፤ ጉልበቴ ከዳኝ። ከላይ የወይንና የወይራ እርሻ ይታያል፤ እሱን ፎቶው ሁሉ ያሳያል። ዓይኔን የያዘው ግን በየማማው ግድግዳ ላይ ያሉት አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ናቸው። ግንበኞቹ የመወጣጫ እንጨት የሰኩባቸው ናቸው። ዛሬ እርግብ ይገባባቸዋል። ማንም ሊደፍናቸው አልተመለሰም። ሥራው ትናንት የተቋረጠ ነው የሚመስለው።

እሳቸው፦

አሁን ልድፈን ብትዪ እንኳ አያስነኩሽም፤ ከ1990 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ገብታለች።

ይሁን፣ የመጀመሪያውን መቶ ዓመት ለድህነት ልተውልሽ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን አልለቅም። ማማ ዝናብ እየገባበት 700 ዓመት አይቆምም። አንድ ሰው በየጊዜው ወጥቶ ድንጋዩን መልሷል፣ ኖራውን ለስኗል።

እሷ፦

ወጥቷል እንበል። ደሞዙን የከፈለውስ ማነው፣ ጋሼ?