ቮርቲፖርን የቆስጠንጢኖስ ዘር ያደረገው ማን ነው?

ቮርቲፖር በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቬድ በምትባል የደቡብ ምዕራብ ዌልስ ግዛት የነገሠ የብሪቶኖች ንጉሥ ነው። በኢንተርኔት የሚዘዋወሩ የዘር ሐረጎች ያለ አንዳች ማመንታት የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ዘር ያደርጉታል። እኔ ይህን አልቀበልም።

ሐረጉ የተወሰደው በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተጠናቀረ የዌልስ ነገሥታት የትውልድ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የሚጀምረው ደቬድን በእናቱ በኩል ከወረሰው ከንጉሥ ኦዋይን ነውና፣ የእናቱ ወገን የቄሣር ዘር ቢባል ማን እንደሚጠቀም ግልጽ ነው። ሥራው ደግሞ ጥድፊያ ይታይበታል። “ፕሮቴክቶር” የሮም ዘበኞች ማዕረግ ሆኖ ሳለ ዝርዝሩ ውስጥ ልጅ የወለደ አያት ሆኖ ቁጭ ብሏል!

በአየርላንድ የተጻፈና ከዚህ የሚቀድም ሌላ ዝርዝር አለ። ቮርቲፖር፣ አባቱ አይርኮል፣ አያቱ ትሪፉን እስከሚሉት ድረስ ሁለቱ ይስማማሉ፤ ከዚያ በላይ መንገዳቸው ይለያያል። የአየርላንዱ ዝርዝር ከአየርላንድ ባሕር ተሻግሮ ደቬድ ወደ ሰፈረው የዴሺ ነገድ መሪ ወደ ኤዮሃይድ ይወስደናል። አይርኮልም ሆነ ትሪፉን ከላቲን የመጡ ስሞች መሆናቸው የሮም ሥልጣኔ የነበረውን ክብር እንጂ የሮም ደም አያሳይም።

ወደ አየርላንዱ ዝርዝር የማደላው በድንጋዮቹ ምክንያት ነው። በዚያ የዌልስ ክፍል ኦጋም በሚባለው፣ በድንጋይ ጠርዝ ላይ በሚቀረጽ የአየርላንዶች ጽሕፈት የተጻፉ የመቃብር ሐውልቶች በብዛት ቆመዋል። በ1895 ካስቴል ድዊራን በተባለ ስፍራ የተገኘው ሐውልት በላቲን “የቮቴፖሪክስ ፕሮቴክቶር መታሰቢያ” ይላል፤ ያንኑ ስም በኦጋም በአየርላንድ አጠራር ይደግመዋል። የስሙ ቅርጽ ስለሚለይ ሰውዬው የእኛው ቮርቲፖር አይደለም የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ሙግታቸውም ጠንካራ ነው። ያም ሆኖ በዚያ አገር አንድ ታላቅ ሰው በሮም ማዕረግ እየተጠራ በአየርላንድ ቋንቋ መታሰቢያ እንደቆመለት ድንጋዩ ይመሰክራል።

ስለ ቮርቲፖር ሕይወት የምናውቀው ከሞላ ጎደል ሁሉ የዘመኑ ሰው ከነበረው ከመነኩሴው ጊልዳስ ብዕር የወጣ ነው፤ ብዕሩም ምሕረት የለውም። አምስት ነገሥታትን በየተራ ሲዘልፍ ቮርቲፖርን ጸጉሩ የሸበተ፣ በክፋቱ እንደ ነብር ዝንጉርጉር የሆነ ግፈኛ ይለዋል። ምናሴ ከሕዝቅያስ እንደተወለደ የመልካም ንጉሥ ክፉ ልጅ መሆኑንም ይነግረዋል። እኔን ያስገረመኝ አባትየው ነው። ለማንም የማያዝን ተቺ “መልካም ንጉሥ” ብሎ የመሰከረለት አይርኮል፣ የመጻተኞች የልጅ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። የደቬድን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከአይርኮልና ከትሪፉን በላይ ኤዮሃይድን ያስቀምጥ፤ ቆስጠንጢኖስን ደግሞ ስለ ኦዋይን ቤተ መንግሥት በሚጽፈው ምዕራፍ ያንሣው።