አራዳ ያላችሁት ሰው

ወገኖቼ፣ ዛሬ አለስልሼ መናገር አልቻልኩም።

የጎረቤታችን የእማማ ልጅ ሪያድ ነው ያለው። ባለፈው ወር በቴሌግራም መልእክት መጣላቸው። ፎቶውም ስሙም የልጃቸው ነው። «እማዬ፣ ፖሊስ ይዞኛል። መደወል አልችልም። በጓደኛዬ ቁጥር ብር ላኪልኝ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» ይላል። እማማ ፊደል ስላልቆጠሩ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የዕቁብ ብራቸውን አወጡ፣ 18 ሺህ ብር። ቁጥሩን አስገብቼ የላክሁትም እኔው ነኝ። «ለማንም እንዳትነግሪ» የምትለዋ ብቻ ልታነቃኝ ይገባ ነበር፤ አላነቃችኝም። በማግስቱ ልጁ ራሱ ከሥራ ወጥቶ ደወለ። እማማ ድምፁን ሲሰሙ የተፈታ መስሏቸው እልል አሉ። ያቺ እልልታ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

አንጀቴን ያሳረረው ግን ሌባው ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ቡና ላይ ነገሩ ሲነሳ «ሰውየው ግን አራዳ ነው!» ብላችሁ ሳቃችሁ። እማማ እዚያው ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ። እኔም ስኒዬን ይዤ ዝም አልኩ።

አራዳ እኮ የአዲስ አበባ ሰፈር ነው። በኋላ ነቃ ያለ ከተሜ መጠሪያ ሆነ እንጂ የእናት ዕቁብ የሚበላ ማለት አልነበረም። ለዚህ ሰው ስም አለን፦ አስመሳይ። ሥሩ «መሰለ» ነው፤ ምስልና ምሳሌ ከዚያው ወጡ። «በአርአያነ ወበአምሳሊነ» የሚለው የኦሪት ቃልም ከዚያው ነው። ሰው የተፈጠረበትን አምሳል ነው ለሌብነት የሚለብሰው።

ድሮም ነበረ። ዐፄ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1607 ጎል በተባለ ቦታ ከዙፋን ተቀናቃኛቸው ከሱስንዮስ ጋር ሲዋጉ ተገደሉ። በዓመቱ አንድ ሰው በደብረ ቢዘን ገዳም አካባቢ «ያዕቆብ እኔ ነኝ» ብሎ ተነሳ። ፊቱን በከፊል ይሸፍን ነበር፣ በጦርነቱ ቆስዬ ነው እያለ። ብዙ ሕዝብ ተከተለው። በንጉሣቸው ናፍቆት ገባባቸው፤ የኛው ደግሞ በልጅ ናፍቆት።

ብሩን በየወሩ ትንሽ ትንሽ ልመልስላቸው ብል እማማ «አንተ ምን አጠፋህ?» ይሉኛል። አጥፍቻለሁ። ሲሳቅ ዝም ማለቴ ብር ከመላኬ ይብሳል። እባካችሁ፣ ሌላው ቢቀር ሰውየውን በስሙ ጥሩት።

ትናንት አንዳችሁ መንገድ ላይ አስቁማ «ያን ቀን መሳቅ አልነበረብኝም» አለችኝ። አንድ ሰው ናት፤ ለጊዜው እሷም ትበቃኛለች። የፊታችን ቅዳሜ ቡናው እኛ ቤት ነው። እማማም ይመጣሉ፣ ኑ።