የጧሪዎች ጉባኤ

አምና ጥቅምት ላይ እማዬን የበረንዳው ደረጃ አዳልጧት ቁርጭምጭሚቷ በዞረ ማግስት፣ እኛ አራት ልጆቿ በቴሌግራም «የእማዬ እንክብካቤ ዐቢይ ኮሚቴ» የተባለ ቡድን አቋቋምን። ሰብሳቢው ሜሪላንድ የሚኖረው ጋሼ ነው፤ እህታችን ከስቶክሆልም፣ ታናሻችን ከዱባይ፣ እኔ ደግሞ እማዬ ካለችበት ከጉለሌ እንሳተፋለን። እማዬ ራሷ በአባልነት አልተያዘችም፤ ምክንያቱ ስልኳ ባለቁልፍ መሆኑ እንደሆነ በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል።

የመጀመሪያው ስብሰባ እሑድ በ3 ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ። ጋሼ በሜሪላንድና በአዲስ አበባ መካከል ያለውን የ7 ሰዓት ልዩነት በጥንቃቄ አስልቶ፣ በሀበሻና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለውን የ6 ሰዓት ልዩነት ግን ረስቶ፣ ከሌሊቱ በ9 ሰዓት ደወለልኝ። በእኛ ሀገር በዚያ ሰዓት የሚደወለው ለመርዶ ስለሆነ፣ ስልኩን እስካነሣ ድረስ ልቅሶውን አጋምሼው ነበር።

ሥራውን ስንከፋፈል ጋሼ ዕቅድ አውጪ ሆነ፤ የእማዬን ቀን በ15 በ15 ደቂቃ የሸነሸነ፣ «ፀሐይ መሞቂያ» የሚል ረድፍ ሳይቀር ያለው የኤክሴል ሰንጠረዥ ላከና አትሜ ፍሪጁ ላይ ለጠፍሁት። እህታችን የስቶክሆልም ከተማ አስተዳደር ቀጥሯት አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞረች የምትንከባከብ ባለሙያ ስለሆነች አማካሪያችን ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው እናት ስታጥብ ውላ ማታ የራሷን እናት በቪዲዮ ታያለች። (ይህን አንድ ጊዜ ራሷ ቡድኑ ላይ ጽፋው ወዲያው አጠፋችው።) ታናሻችን «ስንት ልላክ?» ከማለት ሌላ ተናግሮ አያውቅም፤ በእኔ ግምት ግን ከኮሚቴው የወጣ ብቸኛው ጠቃሚ ዐረፍተ ነገር ይኸው ነው። እኔ አስፈጻሚ ነኝ፤ አስፈጻሚ ማለት ስብሰባው ሲያልቅ ባልዲ የሚያነሣ ሰው ነው።

እማዬ ዕድሜ ልኳን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ተብላ ስትመረቅ ኖራለች፤ ሰፈራችን ግን የተደራጀው ለሁለተኛው ቃል ብቻ ነው። ሰው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ዕድራችን ድንኳኑን ተክሎ፣ ወንበሩን ደርድሮ፣ ብረት ድስቱን ይጥዳል፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። እግሯን ያመማትን አሮጊት ደግፎ ሽንት ቤት የሚያደርስ ተረኛ ግን መተዳደሪያ ደንቡ ላይ የለም። ይህንኑ ለዕድሩ ዳኛ ባነሣባቸው፣ «አንተ ልጅ፣ የሞተ ሰው ወጪው ይታወቃል፤ በሕይወት ያለ ሰው ወጪ ግን መቼ እንደሚያበቃ በምን ይታወቃል?» አሉኝ፤ መልስ አጣሁላቸው።

ከደላላ ጋር ብዙ ከተከራከርን በኋላ አንዲት ረጋ ያለች ወጣት አስታማሚ አገኘን። እማዬ ሁለት ቀን በጥርጣሬ ካየቻት በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን «ይቺ ልጅ ከስታለች» ብላ ታበላት ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት የማታ ትምህርት አስመዘገበቻት፤ ጉንፋን ሲይዛት ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣቻት፤ ለጎረቤትም «የዘመድ ልጅ ናት፤ አደራ ተሰጥታኝ ነው» እያለች ታስተዋውቃታለች። ደመወዙን በወሩ መጨረሻ ስከፍል የትኛዋ የትኛዋን እንደምታስታምም ግራ ገብቶኝ ነበር።

ዋናው ጉዳያችን ግን የእማዬ ደም ግፊት ነው። ሐኪሙ ከ140/90 በታች እንዲሆን፣ የቀን ጨውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ አዘዋል። እህታችን በበኩሏ አለካኩን አስተማረችን፤ ሰው ግፊቱን ከመለካቱ በፊት 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ እግሩን አለማነባበር፣ ለ30 ደቂቃም ቡና አለመጠጣት አለበት። እማዬ ይህን ስትሰማ ከልቧ አዘነች። «ከአቦል እስከ በረካ፣ ከእኛ ቤት ቡና እስከ ጎረቤት ቡና፣ ባዶ 30 ደቂቃ ከየት አባቴ ላምጣ?» አለች። የጾም ነገርማ ከኮሚቴው ሥልጣን በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ክኒኑን ከቁርስ ጋር እንድትወስድ የፈቀዱላት የንስሐ አባቷ ሲሆኑ፣ የጋሼ የስልክ ላይ ስብከት አንዲት ጉርሻ አላስቆረሳትም።

አስታማሚዋ ጠዋት ጠዋት የመለኪያውን ቁጥር ፎቶ አንሥታ ቡድኑ ላይ ትለጥፋለች። በመጀመሪያው ሳምንት 162/95 ሲመጣ ጋሼ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቁጥሩ በድንገት 112/70 ሆነ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ጋሼ ሰንጠረዡ ፍሬ ማፍራቱን በረጅም የድምፅ መልእክት አበሠረ፣ ታናሻችን የእልልታ ምልክት ደረደረ። እህታችን ብቻ «ይህ የ20 ዓመት ልጃገረድ ግፊት ነው» ብላ ጻፈች። አድናቆት መስሎን ነበር። ኋላ ፎቶውን አጉልቼ ሳየው፣ ከመለኪያው ጥግ ብቅ ያሉት ጣቶች ቀይ ቀለም የተቀቡ ናቸው።

«ወንድምህ በዚያ ቁጥር የተነሣ እንቅልፍ አጣ አላችሁኝ» አለች እማዬ ስጠይቃት፣ ምንም ሳታፍር። «የልጅቱን ለክተን ብንልክለት ምን ይጎዳል? እኔ እንደሁ መድኃኒቴን እየዋጥሁ ነው።»

ጋሼ ሥራውን በአካል ሊገመግም ለጥምቀት መጣ። እማዬ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ አስቀምጣ አስለካችው፤ 170/100። ምንም አልተናገረችም። መነጽሯን አድርጋ ወደ ፍሪጁ ሄደች፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በለየችው ፊደል፣ ከሰንጠረዡ ራስጌ «የእማዬ» የሚለውን ሰርዛ «የልጄ» ብላ ጻፈችበት። ምሳ ሲቀርብ ጋሼ አንድ ጎርሶ፣ «ሽሮው ጨው የለውም እንዴ?» ብሎ ቀና አለ።

«ብላና ዝም ብለህ 5 ደቂቃ ተቀመጥ» አለችው እማዬ፤ «ልጅቱ ደግማ ልትለካህ ነው። ቡና የለህም።»