አደራ የተባለች ግመል

የሚስቴ ወንድም ለሦስት ሳምንት ዱባይ ሲሄድ ሬንጅ ሮቨሩን አደራ ብሎ እኔ ግቢ አቆማት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስወጣ ከፊት በኩል እንደ ግመል ተንበርክካ አገኘኋት። አዳማ ውስጥ ግመል ብርቅ አይደለም። የአደራ ግመል ግን ሌላ ነው።

ናዝሬት መካኒክ አጥታ አታውቅም። ቪትስ፣ ኮሮላ፣ አይሱዙ ከሆነ ድምፁን በስልክ ሰምቶ በሽታውን የሚነግርህ ሞልቷል። ሬንጅ ሮቨር ስትል ግን ሁሉም የሚያውቅ ሰው ነው የሚያውቀው።

የመጀመሪያው ከፍራንኮ መጣ። ኮፈኑን ከፈተ። ጥቁሩን የፕላስቲክ ክዳን አየ። መልሶ ዘጋው። «ጋሼ፣ ሞተሩ ታሽጓል» አለኝና የትራንስፖርት ተቀብሎ ሄደ።

ሁለተኛው «የኮምፒውተር ባለሙያ» ነው ተባለ። አውራ ጣት የምታክል ቴስተር ከመሪው ሥር ሰክቶ ስልኩን ከፈተ። 14 ስህተት ወጣ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሱ ፈገግ አለና ስልኩን ነካ አደረገ። «ሁሉንም አጥፍቻቸዋለሁ ጋሼ።» እውነትም የዳሽቦርዱ መብራት ጠፋ። መኪናዋ እንደተንበረከከች ናት።

(ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ኤሌክትሪኩ መጥቷል። አንድ ጎረቤቴ ለኤሌክትሪክ መኪናው ካንዴላ አስቀይሮ ተመልሷል።)

ሦስተኛው «አየሩን አውጥተን የብረት ሞላ እንክተትበት» አለ። ለካ ይህች መኪና የምትቆመው አየር በተሞላ የጎማ ከረጢት ላይ ነው። ከረጢቱ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ኮምፕሬሰሩ ሲሞላ ሲሞላ ይቃጠላል። ይህን ማታ ዩቲዩብ ላይ ነው ያየሁት። አሁን የሚያማክሩኝ ሰዎች አሉ።

አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። መኪናዋን ጭኖ የሚወስዳትን የሎቤድ ዋጋ ስጠይቅ ግን እኔም ተንበረከክሁ።

በመጨረሻ ማንም ያልጠራው የሰፈሩ ጎሚስታ የሳሙና ውሃ በጣሳ ይዞ መጣ። ሞተሩን አስነሳኝና እንደ ባጃጅ ካላማደሪያ ከረጢቱን ቀባው። አረፋው ቡፍ አለ።

«ይኸው ጋሼ፣ ቀዳዳው።»

«ትለጥፈዋለህ?»

«ኧረ እኔስ አልነካውም። አዲስ ያስመጡ።»

ከየት? ከዱባይ። ስልኩ ያኔውኑ ጠራ።

«መኪናዬ እንዴት ናት?»

«አርፋለች» አልኩት።