ውዳሴ ዳምፕ

እሰይ! የማንበብ ዘመን አለፈ። ጡብ የሚያክል መጽሐፍ ተሸክሞ መንከራተት፣ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር በኬብል አገናኝቶ "እነዚህ ነገሮች ለምን አይነጋገሩም?" እያሉ ሌሊቱን ማጋመስ ድሮ ቀረ። ዛሬ ሲኪዩሪቲ ፕላስ የሚባለውን የኮምፒውተር ደኅንነት ሰርተፊኬት መፈተን ያማረው ሰው፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግም ይኑር አዲስ አበባ፣ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ዳምፕ አለህ?"

አለ እንጂ! ቴሌግራም ላይ ሞልቶ ተርፏል። ከፈተናው አፍ የተነጠቀ ጥያቄ ከነመልሱ፣ መለማመጃ ሶፍትዌር ላይ ተጭኖ፣ ሰዓት ቆጣሪ ተገጥሞለት ይቀርባል።

ወረቀቱ በከንቱ አልተወደደም። የአሜሪካ መከላከያ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው 8570 በሚባለው መመሪያ፣ የመረጃ ደኅንነት ሥራውን የሚሠሩለት ሁሉ እውቅና ያለው ሰርተፊኬት እንዲይዙ አዘዘ። በኋላ ቁጥሩ 8140 ሆነ፤ ትምህርትን ወይም ሥልጠናንም በአማራጭነት ይቀበላል፣ ወረቀቷ ግን ዛሬም ትሠራለች። ዋሺንግተን ዙሪያ ደግሞ የመንግሥት ኮንትራት የሚሠራ ድርጅት እንደ አሸን ነው። እናም ከታክሲ መሪ ወደ ቢሮ ወንበር ለመሻገር የቋመጠ ዘመድ ሁሉ ይህችን ወረቀት ቢመኝ አይፈረድበትም። ፈተናው ቢበዛ 90 ጥያቄ፣ ጊዜው 90 ደቂቃ፣ ማለፊያው ከ900 ላይ 750 ነው። ፈተናውን የሚያወጣው ኮምፕቲያ ደግ ነው፤ ነጥቡን የሚጀምረው ከ100 ስለሆነ ምንም የማያውቅ እንኳ ባዶ እጁን አይመለስም።

ጀግናችንን ሥራ ላይ እንየው። በአንድ እጁ ማኪያቶ፣ በአንድ እጁ ስልክ። ጥያቄው "አንዲት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ከዋና ሥራ አስኪያጁ የመጣ የሚመስል ኢሜይል…" ብሎ ይጀምራል፤ "ኢሜይል" የምትለዋ ቃል ጋ ሳይደርስ አውራ ጣቱ "ሲ" የሚለው አማራጭ ላይ አርፏል። አረንጓዴ! 98 ከመቶ! "ሠራተኛዋ ታዲያ ምን ሆነች? ገንዘቡን ላከችው?" ብትሉት አያውቅም። ምን አገባው? በሰው ጉዳይ ጥልቅ ማለት አይወድም።

ሶፍትዌሩ ላይ "ማብራሪያ" የምትባል ቁልፍ አለች። ለምን ሲ እንደሆነ፣ ኤ እና ቢ ደግሞ ለምን እንዳልሆኑ የምትናገረው እሷ ናት፤ ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች አብዝተው የለፉትም እሷ ላይ ሳይሆን አይቀርም። እስካሁን የነካት የለም። አማራጮቹን የሚያደባልቅ ማብሪያ ማጥፊያም አለ፤ እሱን መጀመሪያውኑ አጥፍቶታል። ሲን በስንት ድካም ሲ ላይ ካስቀመጠ በኋላ ማን ነው ወደ ኤ የሚወስድበት? የቆሎ ተማሪ ዳዊቱን ከደገመ በኋላ ገና ትርጓሜ ቤት ገብቶ ዓመታት ይቀመጥ ነበር። የእኛ ሊቅ ትርጓሜ ቤቱን በአጥሩ ዘሎ ተመርቋል።

ዳምፑ ራሱ የተሳሳተ እንደሆነስ? ለእሱም መላ አለ፤ ድምፅ ይሰጣል። ፋይሉ "መልሱ ቢ ነው" ይላል፣ የግሩፑ አባላት 61 ለ39 ተከራክረው ሲ ያደርጉታል። እንዲህ ያለ ምርጫ የት ይገኛል! ተሸናፊው ወገን ውጤቱን በጸጋ ተቀብሎ ሲን ይሸመድዳል።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ከ400 ዶላር በላይ ተከፍሏል፣ ሰዓትና ስልክ ሎከር ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ "ዳምፕ አልተጠቀምኩም፣ ጥያቄም አላወጣም" የሚያሰኝ ውል ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ የጣሰ ሰርተፊኬቱን ሊነጠቅ ይችላል። ውሉ ሲ የሚባል አማራጭ ስለሌለው ሳይነበብ ታለፈ።

ከዚያ የተግባር ጥያቄው ከች አለ፦ የፋየርዎል ሕጎችን በቅደም ተከተል ደርድር። ፋየርዎል ማለት የኔትወርኩ ዘበኛ ነው፤ ሕጎቹን ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው፤ መጀመሪያ የገጠመው ሕግ ይፈርዳል፣ ከዚያ በታች ያለውን ዞር ብሎም አያየው። ስለዚህ ፖርት ከሚባሉት የኔትወርክ በሮች 443 ለድረ ገጹ ይከፈታል፣ ኮምፒውተርን ከርቀት የሚያዙበት 3389 ከውጭ ለሚመጣ ይዘጋል፣ "የቀረውን ሁሉ ከልክል" የሚለው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ጀግናችን ሥዕሉን ዳምፑ ላይ አይቶታል፤ ቀይ የነበረው ሳጥን ከላይ እንደነበር ትዝ አለው። "ሁሉንም ከልክል" የሚለውን አንስቶ አናት ላይ ሰቀለው። ኩባንያው ከነሠራተኛው ከነደንበኛው ከኢንተርኔት ተነቀለ። ደኅንነት ካላችሁ ይህ ነው! በር የሌለው ቤት ሌባ አይገባበትም።

ሲወጣ ደጅ ላይ የሚያሰማው እሮሮ ደግሞ አንጀት ይበላል። "ፈተናውን ቀየሩብን እኮ!" በእርግጥ ቀይረውታል፤ 701 የሚባለው አዲሱ የፈተናው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ነው፣ አሮጌው 601 ደግሞ በሐምሌ 2024 ጡረታ ወጥቷል። እሱ ግን 601ን ከአጎቱ ልጅ ወርሶ፣ ለታናሽ እህቱ ሊያወርስ እያሰበ በታማኝነት ሲያጠና ነበር። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ታማኝ ከየት ይገኛል?

ያለፉም አሉ፤ አንክድም። አንዱ ሥራ ሊቀጠር ቃለ መጠይቅ ገባ። ጠያቂዋ ለማሟሟቂያ ያህል፣ "ፖርት 22 ምን ይሠራል?" አለችው።

"አማራጮቹስ?" አላት፣ በጨዋ ደንብ።

አማራጭ የለም አለችው። ኤስኤስኤች፣ ማለትም ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ከርቀት በምስጢር መግቢያው፣ መሆኑን እኮ ያውቀዋል፤ 98 ከመቶ ያመጣ ሰው ነው። ያለ ኤ፣ ያለ ቢ፣ ያለ ዲ ብቻውን ሲያየው ግን አላወቀውም። ጥፋቱ የማን ነው? ሰው እንዲህ በድንገት ራቁቱን ጥያቄ ይጠየቃል?

በዚህ ግፍ ልባችን ስለተነካ ለዓለም የኢንተርኔት ሌቦች አንድ አቤቱታ እያረቀቅን ነው። ወደ መሥሪያ ቤታችን የምትልኩት ጥቃት አራት አማራጭ ተያይዞለት ይምጣ። ትክክለኛው መልስ ሲ ላይ ይሁን፤ ቦታውን ማንም እንዳይነካው። ከተቻላችሁ ደግሞ ከ601 አውጡልን፤ እሱን ጨርሰነዋል።